አባባ ተስፋዬና የልጆች ጊዜ

በዚህ የዓመት መጽሔታችን ለተማሪዎቻችን፣ ለወላጆችና ለመምህራን የምናስተዋውቃቸው ሰው ተስፋዬ ሣህሉ ይባላሉ። በዚህ ሙሉ ስም ከጠራናቸው ከወላጆች መካከል ብዙዎቹ ማን እንደሆኑ ለማስታወስ ትንሽ ያስቡ ይሆናል። አባባ ተስፋዬ ካልን ግን ማሰብ አያስፈልግም፤ ስሙ ብቻውን ፊትን ያፈካል። ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ቀልደኛ፣ የምትሃት ትርኢት አቅራቢና ተረት ነጋሪ ነበሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለ42 ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ሲያስቁና ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ዛሬ በክፍሎቻችን የሚቀመጡ ተማሪዎች እሳቸውን በቴሌቪዥን መስኮት ጠብቀው አላዩዋቸውም። ብዙዎቹ የተወለዱት ከአገር ውጭ ነው። ያደጉትም ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ በሱቅ ሲታና በራክሻ ጩኸት መካከል ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የምንጽፈው ወላጆች የልጅነት ትዝታቸውን እንዲያጣጥሙ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤታችንን በየቀኑ የሚያሳስባት አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፤ ልጅ የወላጆቹን ቋንቋ የሚወደው እንዴት ነው? አባባ ተስፋዬ ይህን ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በሥራቸው መልሰውታል ብለን እናምናለን።

ልጅነትና የጦርነት ዘመን

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት ሰኔ 20 ቀን 1915 ዓ.ም. በባሌ፣ ከዱ በተባለ አካባቢ ነው። ያ ዘመን ገጠሩ ቀርቶ ከተማው እንኳ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠርበት ነበር። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር በኢትዮጵያ ቀርቶ በሠለጠነው ዓለምም ገና ለሕዝብ አልደረሰም። ልጆች ስለ ዓለም የሚሰሙት ከታላላቆቻቸው አንደበት ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ይሰማሉ። በተረቱ ውስጥ ጅብ በሆዳምነቱ ይታለላል፣ ጦጣ በብልጠቷ ታመልጣለች፣ አንበሳ በጉልበቱ ይመካና ይዋረዳል። ነጋሪው ተረቱን ሲጀምር ጥሪ ያሰማል፤ ልጆቹም ባንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ሲያበቃ ደግሞ ተራው ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ያየነው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

የእሳቸው ትውልድ ግን ሰላማዊ ልጅነት አላገኘም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ሲወር ተስፋዬ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬ የ6ኛ ወይም የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ዕድሜ ማለት ነው። አምስቱ የወረራ ዓመታት ከልጅነት ወደ ወጣትነት የተሻገሩባቸው ዓመታት ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ ተስፋዬ 18 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ያልሞላ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። ለልጆች ሳቅ ዕድሜውን የሰጠ ሰው የራሱ የልጅነት ዘመን በጦርነት የተቆረሰ መሆኑን ስናስብ፣ ሥራው ከተራ ጨዋታ በላይ እንደነበር ይገባናል።

ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ

ከነጻነት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የቴአትርና የሙዚቃ ሥራ አዲስ ሕይወት ማግኘት ጀመረ። የሀገር ፍቅር ማኅበር እንደገና ተነሣ፤ የከተማው ማዘጋጃ ቤትም የራሱን የቴአትርና የሙዚቃ ክፍል አቋቋመ። ወጣቱ ተስፋዬ የኪነ ጥበብ ሕይወታቸውን የጀመሩት በዚያ ዘመን፣ በማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ላይ ነው።

የዚያን ጊዜ መድረክ ከዛሬው የተለየ ነበር። አንድ ምሽት ላይ ዘፈን፣ አጭር ጭውውት፣ ቀልድና ረጅም ቴአትር ተከታትለው ይቀርባሉ። ስለዚህ አንድ ከያኒ ሁሉንም መቻል ነበረበት፤ ይዘፍናል፣ ይተውናል፣ ያስቃል። በዚያ ላይ ሌላ ችግር ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ መታየቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ሰው አልነበረም። ተስፋዬ ሣህሉ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ድምፃቸውን አለዝበው የሴቶችን ቦታ ከሚጫወቱት ወንዶች አንዱ ሆኑ።

ዛሬ ይህን ስንሰማ ፈገግ እንል ይሆናል። ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ፣ በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ መዝፈንና መጫወት ለወንዱም ቢሆን የሚያስከብር ሥራ አልነበረም። ዘፋኝና ተጫዋች አዝማሪ እየተባለ ይናቅ ነበር። በዚያ ላይ የሴት ልብስ ለብሶ መውጣት የሰውን ሐሜት መቻልን ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ሌላውን ሰው ሆኖ ለመጫወት ያንን ሰው ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እናት እንዴት ትቀመጣለች? አሮጊት ስትናገር እጇን እንዴት ታደርጋለች? ሙሽራ አንገቷን የምትደፋው እንዴት ነው? የትወና ጥበብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተስፋዬ ያንን የማየት ልማድ በኋላ ልጆችን ለመረዳት ተጠቀሙበት።

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ ሴቶች ልጆቻችን በትምህርት ቤታችን መድረክ ላይ ቆመው ሲዘምሩና ሲተውኑ ማንም አይገረምም። ያ መንገድ የተከፈተው በትግል ነው። ቀደም ብለው የሰውን ሐሜት ችለው መድረኩን ያቆዩትን ወንዶች፣ ቀጥለው ደግሞ ደፍረው የወጡትን ሴቶች ማስታወስ ይገባናል።

ሳቅ ወደ ጦር ሜዳ

በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብላ ወደ ኮሪያ ጦር ላከች። ጦሩ ቃኘው ሻለቃ ይባል ነበር፤ ስሙም የተወሰደው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በየተራ የሄዱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በማያውቁት ብርድና በማያውቁት ተራራ ላይ ተዋጉ። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ። አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም፤ ይህ እስከ ዛሬ በኩራት የሚነገር ነው።

ተስፋዬ ሣህሉም ከዘማቾቹ ጋር ኮሪያ ሄዱ። የእሳቸው ሥራ ወታደሮቹን ማዝናናት ነበር። ከአገሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ምሽግ ውስጥ የሚያድር ወጣት ቋንቋውን በዘፈንና በቀልድ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከአገር ርቀን ስንኖር አንድ የቆየ ዘፈን በድንገት ብንሰማ ልባችን ለአፍታ ሌላ ቦታ ይደርሳል። ቀልድ ደግሞ ከዘፈን ይበልጥ ጥልቅ ነው፤ ዜማን ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም ይወደዋል፣ በቀልድ የሚስቀው ግን ቋንቋው የገባው ሰው ብቻ ነው። አብሮ መሳቅ የአንድ ቤት ሰው የመሆን ምልክት ነው።

ከዘመቻው በኋላ ወደ መድረካቸው ተመለሱ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በኢጣሊያ ጊዜ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረው ትልቅ ሕንጻ ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። የመክፈቻው ቴአትር የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ተስፋዬ ሣህሉ በዚህ ቤት ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ቴአትር ተጫውተዋል፣ ዘፍነዋል፣ ተመልካቹን አስቀዋል። የምትሃት ትርኢት በማሳየትም ስም አተረፉ። ምትሃት ለብዙው ሰው አዲስ ነገር ነበር፤ ባዶ የነበረው እጅ ሲሞላ፣ የሞላው ሲጠፋ የሚያይ ተመልካች ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። የምትሃት ትርኢት አቅራቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የተመልካቹን ዓይን ወደሚፈልገው ቦታ መምራት ነው። መምህራን ሁሉ ይህን ጥበብ ይመኙታል።

አዲሱ ሣጥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ጎረቤታችን ሱዳን በኦምዱርማን የራሷን ቴሌቪዥን የከፈተችው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር፤ ሁለቱ አገሮች ወደዚህ አዲስ ዘመን የገቡት ተከታትለው ነው ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባው ስቱዲዮ የተቋቋመው በማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ስርጭቱ መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነበር። በቀለም ማሰራጨት የተጀመረው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው።

ተስፋዬ ሣህሉ ከምሥረታው ዘመን ጀምሮ በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ማቅረብ ጀመሩ። ፕሮግራሙ «የልጆች ጊዜ» ተባለ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ ተስፋዬ ሣህሉ መባላቸው እየቀረ አባባ ተስፋዬ ሆኑ። አባባ ማለት በአማርኛችን አባትም አያትም ነው፤ አክብሮትም ፍቅርም አለበት። ልጆቻችን በሰፈር ለጎረቤት ሽማግሌ ጂዱ እንደሚሉት ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ 41 ዓመታቸው ነበር። ወደ ስቱዲዮ የገቡት ብዙ ልምድ ይዘው ነው፤ ዘፈኑን፣ ቀልዱን፣ ምትሃቱን፣ የሴቷንና የሽማግሌውን አነጋገር፣ ከወታደር ጋር የመሳቅን ጥበብ ሁሉ። የፊተኛው ዘመን ቴሌቪዥን ደግሞ እንደዚህ ያለ ሰው ይፈልግ ነበር። ያኔ አቅራቢው ተሳሳትኩ ብሎ ደጋግሞ የሚቀረጽበት ምቾት አልነበረም። የመድረክ ሰው ግን አንዴ መጋረጃ ከተከፈተ መመለስ እንደሌለ ያውቃል።

የመድረክ ሰው የማያውቀው አንድ ነገርም ነበረ። በቴአትር ቤት ተመልካቹ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሲስቅ ይሰማል፣ ሲሰለች ይታያል። በቴሌቪዥን ግን ፊት ለፊት ያለው ካሜራ ነው። አባባ ተስፋዬ ያንን ካሜራ እንደ ልጅ ፊት ቆጠሩት። ወደ እሱ ዘንበል ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ አንድ በአንድ የሚያውቋቸውን ያህል ልጆቹን ሰላም ይሏቸው ነበር። ልጆችን የዛሬ አበባዎችና የነገ ፍሬዎች እያሉ መጥራታቸው በትውልዱ ሁሉ ጆሮ ውስጥ ቀርቷል። በየቤቱ ያለው ልጅም ሰላምታው ለእሱ ብቻ የተላከ ይመስለው ነበር። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ልጆች ወደ ጎረቤት እየሄዱ፣ ወለል ላይ ተደርድረው ያዩ ነበር። ሰላም ሲባሉ ወደ ሣጥኑ እየተመለከቱ መልስ የሰጡት ብዙ ናቸው።

በዓለም ላይ ተመሳሳይ መንገድ የተከተሉ ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካ ፍሬድ ሮጀርስ የተባሉት ሰው ልጆችን እንደ ጎረቤት እያናገሩ በአገር አቀፍ ደረጃ ፕሮግራማቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እስከ 2001ም ሠርተውበታል። የእኛ አባባ ተስፋዬ ቀድመው ጀምረው ዘግይተው ጨረሱ። ሁለቱ ሰዎች በተለያየ አገርና ባህል ሆነው አንድ ነገር መረዳታቸው ያስገርማል፤ ልጅን ለማስተማር መጮህ አያስፈልግም።

እንዴት ያስተምሩ ነበር?

የመምህርነት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የአባባ ተስፋዬን ፕሮግራም ስናስብ የትምህርት ዘዴውን እናያለን። እሳቸው በኮሌጅ ተምረው ያገኙት ዘዴ አይደለም። ቢሆንም ዛሬ ለመምህራን በሥልጠና የሚነገረው ብዙው ነገር በውስጡ አለ።

መጀመሪያው አክብሮት ነው። ልጆች በስቱዲዮው ዙሪያቸውን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ስሙንና ክፍሉን ይናገራል። አባባ ተስፋዬ ጊዜ ሰጥተው ያዳምጣሉ። በባህላችን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ የልጅ ነገር ቁም ነገር አይደለም ለማለት ነው። በእሳቸው ፕሮግራም ግን ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃ ነበር። ልጁ የተናገረው ተረት፣ የዘፈነው ዘፈን፣ የጠየቀው እንቆቅልሽ ወደ አገሩ ሁሉ ይሰራጫል።

ሁለተኛው መቀባበል ነው። ተረቱን እሳቸው ብቻ አይናገሩም፤ ልጆቹም በተራቸው ይናገራሉ። ልጅ ቋንቋን የሚማረው በመስማት ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በጉጉት እያዳመጡት ሲናገር ነው። ፈሪው ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ብሎ ቢቆምም ያ አንዱ ዓረፍተ ነገር በፈገግታ ይቀበለዋል።

ሦስተኛው ሳቅ ነው። ተረቱ ያስቃል፤ ቀልዱ ያስቃል። የሳቀ ልጅ ደግሞ የሰማውን አይረሳም። ምክሩ የሚመጣው ከሳቁ በኋላ ነው፤ እጅ ስለ መታጠብ፣ ታላቅን ስለ ማክበር፣ ትምህርት ላይ ስለ መበርታት፣ ወንድምና እህት ስለ መዋደድ። ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹ ምን እንደተማሩበት ይጠየቃሉ። መልሱን ከልጆቹ አፍ መቀበል ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክሩ ከላይ የወረደ ሳይሆን ልጁ ራሱ ያገኘው ይሆናል።

አራተኛው ንጹሕ አማርኛ ነው። የቴአትር ሰው ስለነበሩ ቃል አይውጡም፤ ዓረፍተ ነገር በግማሽ አይተዉም። ኢትዮጵያ የብዙ ቋንቋዎች አገር ናት፤ እሳቸው ራሳቸው የተወለዱት ኦሮምኛ በስፋት በሚነገርበት በባሌ ነው። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከእሳቸው ጋር አማርኛን ሲለማመድ ይሳቅብኛል ብሎ መስጋት አይኖርበትም ነበር። በቋንቋው ተጋብዞ ገባ እንጂ ተገዶ አልገባም።

በሦስት መንግሥታት

አባባ ተስፋዬ ሥራቸውን የጀመሩት በንጉሡ ዘመን ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግ መጣ። በ1983 ዓ.ም. ደርግም ወደቀና ኢሕአዴግ ገባ። በእያንዳንዱ ለውጥ የቴሌቪዥኑ ዜና ተለወጠ፣ መዝሙሩ ተለወጠ፣ ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ምልክት ተለወጠ፣ የአቅራቢዎቹም ፊት ተለወጠ። አባባ ተስፋዬ ግን ልጆችን ሰላም ማለታቸውን ቀጠሉ።

ይህን ስንል በመንግሥት ቴሌቪዥን መሥራት ከዘመኑ ፖለቲካ ውጭ መሆን ነው ማለታችን አይደለም። እንዲያ ያለ ነገር የለም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ብዙ ቤት ውስጥ ለቅሶና ፍርሃት ነበር። ወላጅ ታስሮበት፣ ወንድም ሞቶበት፣ ቤተሰቡ ተበትኖበት ያደገ ልጅ ጥቂት አይደለም። ከወላጆቻችን መካከል ዛሬ ሱዳን የሚኖሩት የዚያ ዘመን ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ በመተማ በኩል በእግራቸው ድንበር ያቋረጡ ናቸው። ለእነሱ «የልጆች ጊዜ» ዓለም ስትናወጥ ያልተናወጠች አንዲት ሰዓት ነበረች። አያት በቦታቸው አሉ፤ ተረትም አለ። ልጅ ትልቅ ነገር አይጠይቅም፤ ትናንት የነበረው ሰው ዛሬም በቦታው መኖሩ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ለልጆች የተረት መጻሕፍትም ጽፈው አሳትመዋል። ተረትን ከአንደበት ወደ ወረቀት ማውረድ ቀላል አይደለም፤ ድምፁና የእጁ እንቅስቃሴ ይቀራል። ቢሆንም መጽሐፉ ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ይገባል፤ ተጠቅልሎም ድንበር ይሻገራል።

ከ42 ዓመታት አገልግሎት በኋላ ከቴሌቪዥኑ ሲለዩ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። በስቱዲዮ ያሳለፉት ጊዜ ከዚያ በፊት ከኖሩት ዕድሜ ይበልጣል። ፕሮግራማቸውን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ወላጆች ሆነው ልጆቻቸውን አብረው አሳይተዋል፤ የአያትነት ደረጃ የደረሱም ነበሩ። በአንድ ሰው ድምፅ ሦስት ትውልድ ማደጉ በየትም አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። ሐዘኑ በአገር ቤት ብቻ አልቀረም፤ ኢትዮጵያውያን ባሉበት ሁሉ ተሰማ። ያዘኑት ሰዎች ብዙዎቹ በአካል አግኝተዋቸው አያውቁም፤ ግን የቤተሰብ ሽማግሌ የሞተባቸው ያህል አዘኑ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አሁን ወደ ሐጅ ዩሱፍ እንመለስ። በየወላጆች ስብሰባ የምንሰማው ቅሬታ አንድ ነው። ወላጅ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በዓረብኛ ይመልሳል። እናት ስትቆጣ ልጁ ይገባዋል፤ አያት በስልክ ስታናግረው ግን ቃል አጥሮት ስልኩን ለእናቱ ይመልሳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር መነጋገር ካልቻለ በመካከላቸው የሚቋረጠው ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ ታሪክ፣ ምርቃቱና ቀልዱ አብረው ይቋረጣሉ።

ዓረብኛ ማወቃቸውን አንቃወምም። ልጆቻችን ያደጉበት አገር ቋንቋ ነው፤ ያስከብራቸዋል፣ ያሠራቸዋል፣ ከጎረቤት ጋር ያፋቅራቸዋል። የሱዳን ልጆችም ከሐቦባቸው የሚሰሙት የራሳቸው ሁጅዋ አላቸው፤ የቆንጆዋን የፋጡማ አስ-ሰምሐን ታሪክ ተማሪዎቻችንም ከጓደኞቻቸው ሰምተው ያውቁታል። ይህ ሀብት ነው። ጥያቄው ልጆቻችን በአማርኛም እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር አግኝተዋል ወይ የሚለው ነው። አማርኛን የሚሰሙት ለቁጣና ለትእዛዝ ብቻ ከሆነ፣ ዓረብኛን ደግሞ ለጨዋታና ለሳቅ ከሆነ፣ ልጁ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ከአባባ ተስፋዬ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው። በቋንቋው ያልተሳቀበት ቤት ቋንቋው አይሰነብትም። ልጁ አማርኛ ሲሳሳት በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር አያስተምረውም፤ አፉን ያዘጋዋል እንጂ። ሰላም ብለው፣ ስሙን ጠይቀው፣ የሚናገረውን እስኪጨርስ ታግሠው ካዳመጡት ግን የተሰባበረው ዓረፍተ ነገር ቀስ በቀስ ይቃናል።

አንድ ነገር ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። የቆዩ ተረቶቻችን ሁሉ እንዳሉ የሚወሰዱ አይደሉም። ሴትን የሚያቃልሉ፣ አካል ጉዳተኛን መሳቂያ የሚያደርጉ፣ አንዱን ወገን በሌላው ላይ የሚያስንቁ አሉ። ክፍላችን ውስጥ ከተለያየ አካባቢና ሃይማኖት የመጡ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ መምህርም ወላጅም የሚነግረውን ተረት መምረጥ አለበት። መልካሙን አስቀርቶ ክፉውን መተው የቆየውን መናቅ አይደለም፤ እህል ከመፈጨቱ በፊት እንደሚበጠረው ነው። ጅቡም ጦጣውም አንበሳውም ይበቁናል።

ለመምህራን የምናሳስበው ይህን ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከሰዋስው በፊት አንድ ተረት ይቅደም፤ ተረቱንም በየተራ ልጆች ይንገሩት። ያላወቁትን ቃል በዓረብኛ ቢሞሉት አይቆጡ፤ አማርኛውን ከተረቱ በኋላ አብረው ይፈልጉት። ለወላጆች ደግሞ፦ ሥራ አድክሟችሁ ማታ ስትገቡ ለስብከት አቅም እንደማይኖራችሁ እናውቃለን። አንድ እንቆቅልሽ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ፣ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥታችሁ ስትቀመጡ ያንን ሰዓት ለተረት አድርጉት። ቤት ውስጥ አያት ካለች ወይም ካለ እነሱ ይቅደሙ። የአያትን ድምፅ በስልክ ቀርጾ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ነገ ያ ድምፅ ዋጋ የማይገኝለት ይሆናል።

ለተማሪዎቻችንም አንድ ሥራ እንሰጣለን። እያንዳንዳችሁ ከቤተሰባችሁ አንድ ተረት ሰምታችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ተረቱ የሚነገርበትን አካባቢ ከሥሩ አስፍሩ። ሲጠናቀቅ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በአንድ ደብተር እናስቀምጠዋለን። ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ልጆች ያነቡታል፤ ከእናንተ መካከልም አንዱ ወይም አንዷ ተረቱን በድምፅ እየነገረ የሚያስቃቸው ይኖራል።